የገደሉ ልሳን፦ አርጎብኛ በአንኮበር ግርጌ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ፣ ብርዱ አጥንት ዘልቆ የሚገባውን ሜዳ ጨርሶ አንኮበር ሲደርስ፣ ደጋው ከእግሩ በታች በድንገት ተቈርጦ እስከ አዋሽ በረሓ ቍልቍል ሲወርድ ይመለከታል። በዚህ ገደል ወገብ ላይ ከጥንት ዘመን ጀምሮ አርጎቦች ይኖራሉ፤ እነርሱም በሃይማኖታቸው ሙስሊሞች፣ በሥራቸው ገበሬዎች፣ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ናቸው። የሕዝቡን ስም በአፈ ታሪክ «አረብ ገባ» ብለው የሚተረጕሙ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ልሳናቸውም ባሕር ተሻግሮ መጥቶ በተራራ ላይ የቀረ ዐረብኛ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ነገር ግን ልሳን ሲመረመር ምስክሩ ራሱ ነው። አርጎባው «ሁለት» ለማለት «ኬት»፣ «አራት» ለማለት ደግሞ «አርቢት» ይላል። ይህን የሰማ መንገደኛ ዐረብኛ ሰማሁ ሊል ይችላል፤ «ክልኤቱ»ንና «አርባዕቱ»ን በልጅነቱ የቈጠረ የቅኔ ቤት ተማሪ ግን የግዕዝን ዘመድ ያውቃል። እኛ «አለፈ» የምንለውን አርጎባው «ሀለፈ» ሲል፣ ግዕዝ በ«ኀለፈ» የጻፈውን፣ አማርኛም ከአፉ የጣለውን የጕሮሮ ድምፅ ጠብቆ መያዙ ነው። እንግዲህ አርጎብኛ የአማርኛ እኅት እንጂ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ አይደለም።

ዐረብኛው የገባው በሌላ በር ነው። በ13ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በዚሁ ገደል አካባቢ ባለው በይፋት የነገሡት ወላስማዎች የተባሉት ሱልጣኖች ሃይማኖታቸው እስልምና ነበርና፣ የጸሎቱ፣ የሕጉና የጽሕፈቱ ልሳን ዐረብኛ ሆነ፤ የአርጎባ ልጅም በቤቱ በእናቱ ቋንቋ እየተናገረ በሰሌዳ ላይ ቍርኣን ይማር ጀመር። ከዚህ በኋላ ከጎረቤት ኦሮምኛ፣ ከደጋው አማርኛም ብዙ ቃል ስለ ተጨመረበት፣ ልሳኑ ከልዩ ልዩ ቀለም ክር እንደ ተሸመነ ጥበብ ሆነ፤ ድሩ ግን የራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ልሳን የሚገናኝበት አደባባይ ከአንኮበር በታች ያለው አልዩ አምባ ነበር። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ሸዋን ከአንኮበር ሆነው በሚገዙበት ዘመን፣ ከታጁራ ወደብ የተነሣው ቅፍለት የአፋርን በረሓ አቋርጦ የሚያርፈው በዚህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1841 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት የተላከው ሻምበል ሃሪስም በዚሁ በር ወደ ሸዋ ገባ። በዓርብ ገበያ አፋሩ ጨው ከግመል ሲያራግፍ፣ ደገኛው እህሉን ሲሰፍር፣ ሐረሬው ስለ ጨርቅ ሲከራከር፣ አርጎባው በመካከላቸው ቆሞ የሁሉንም ቋንቋ እየሰማ ያስማማ ነበር። በአቅራቢያው በዐብዱል ረሱል ገበያ ግን ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ስለ ነበር፣ የዚያን ንግድ ብልጽግና ስናወሳ ስማቸው ያልተጻፈውን ምርኮኞች መርሳት ኃጢአት ነው።

ገበያው አርጎብኛን በቃላት እንዳበለጸገው ሁሉ መጥፊያውንም አዘጋጀለት፤ የሁሉን ቋንቋ የሚያውቅ ነጋዴ የራሱን በቤት ትቶ ይወጣልና። የመንግሥቱ መቀመጫ ከአንኮበር ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1917 ዓ.ም. የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የቅፍለቱ መንገድ ቀዘቀዘ፤ ልሳኑም ከዚያ ወዲህ ወደ ቀድሞ ብርታቱ አልተመለሰም። በሐረር በኩል ያሉት አርጎቦች ኦሮምኛን፣ በአንኮበር ግርጌ ያሉትም አብዛኞቹ አማርኛን የአፍ መፍቻቸው አደረጉ። ከዚህ ወደ ሰሜን ርቀው በገደል አናት ላይ በተሠሩት በሾንኬና በጦለሃ መንደሮች ግን አርጎብኛ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ በር የከፈተው አምባ ያጣውን፣ ዳገት የጋረደው መንደር ጠበቀው።

እንግዲህ አርጎብኛን የባዕድ ቋንቋ ነው ብለን ችላ ብንለው፣ ችላ የምንለው የራሳችንን ጥንተ ነገር ነው። በገዳማት ያለውን ብራና ከብል ለመጠበቅ የምንደክም ሰዎች፣ በሽማግሌ አፍ ላይ ያለውንም ብራና እንደዚያው ልንጠብቀው ይገባናል፤ ምክንያቱም በሾንኬ «ኬት»፣ «አርቢት» እያለች እህሏን የምትሰፍር እናት፣ የቅኔ ቤቱ ተማሪ በመጽሐፍ የሚፈልገውን ቍጥር በአፏ ትቈጥራለች።