ከገበያ የወጣው መዳልው

የአዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች የልደታ ምድብ ችሎቶች የሚሰየሙትም በዚሁ ሰፈር ነው፤ የመርካቶ ገበያም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ችሎቱንና ገበያውን የሚያገናኝ አንድ አሮጌ የግእዝ ቃል አለ፤ እሱም «መዳልው» ነው።

መዳልው ሚዛን ማለት ነው። ነጠላው «መድሎት»፣ ሥሩም «ደለወ» ነው፤ መዘነ፣ ተመዘነ፣ የተገባ ሆነ የሚሉትን ፍቺዎች አንድ ላይ ይይዛል። ነቢዩ ዳንኤል ለባቢሎኑ ብልጣሶር ተመዝኖ ቀልሎ መገኘቱን ሲነግረው፣ የግእዙ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነሳው ይህንኑ መዳልው ነው።

ዛሬ ነጋዴው የሚያውቀው ሚዛንን ብቻ ነው። ሚዛን ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ሌሎች የንግድ ቃላትም በዚያው በኩል ገብተዋል። የቡና ነጋዴዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። የወርቅ መመዘኛው ወቄት ደግሞ ከላቲኑ «ኡንኪያ» ተነስቶ በግሪክና በዐረብኛ አልፎ የደረሰ ሲሆን፣ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የማርያ ቴሬዛ ብርም ክብደቱ ያው ነው።

መዳልው ከገበያ ቢወጣም ዘሮቹ አልጠፉም።

ጳጳስ ሲሾም ምእመናን «ይደልዎ!» ይላሉ፤ ይገባዋል ማለት ነው። ግሪኮች በዚያው ሥርዓት «አክሲዮስ!» ይላሉ። የእነሱም ቃል የተወለደው ከመመዘን ነው፤ ክብደቱ የተስተካከለ ሰው ለሹመቱ የተገባ ሰው ነው።

ሚዛኑ ራሱ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተስሏል። ተአምረ ማርያም እንደሚተርከው በላዔ ሰብእ የተባለው ሰው 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድኻ ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሠዓሊዎች በሚዛኑ አንድ ወገን የተበሉትን፣ በሌላው ውኃውን አድርገው ያሳዩታል። ታሪኩ ከኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ከየካቲት 16፣ ጋር ይነሳል።

«አደላ» እና «አድልዎ» ከዚሁ ሥር ናቸው። የመመዘኑ ቃል ወደ አንድ ወገን ማጋደልንም መግለጽ ጀመረና ለሰው ፊት ማየት መጠሪያ ሆነ። ልደታ ችሎት የቆመ ባለጉዳይ «ዳኛው ያደላሉ፣ ከችሎት ይነሱልኝ» ብሎ አቤቱታ ሲያቀርብ፣ በአፉ ያለው የጥንቱ ገበያ ቃል ነው።