ስለ አሮጌዋ ቮልስ

ቮልስዋገንን፣ እኛ ቮልስ የምንላትን፣ በየሰፈሩ የማያውቃት የለም። ዛሬ ዛሬ ግን አንዳንድ የአሮጌ መኪና አፍቃሪዎች የእኛዋን ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ፣ «ኦሪጅናል አይደለችም እኮ፣ ካርቡራቶሯ የሌላ ነው» ብለው ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጋሉ። እንግዲህ ታሪኳን ማንሣት ግድ ሆነብን፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ነው።

መኪናዋን ለሂትለር መንግሥት የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። ነገር ግን ጦርነቱ መጣና ፋብሪካው ወደ ጦር ዕቃ ዞረ። በ1945 በቦምብ የተጎዳውን የቮልፍስቡርግ ፋብሪካ አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ሻለቃ ተረከበና ሥራ አስጀመረ። ያን ጊዜ ካርቡራቶር ጠፋ። ምን ተደረገ? ትልልቁን ክፍል እዚያው ሠሩት፣ ጥቃቅኑን ደግሞ ብራውንሽቫይግ ከተማ ያለ የካሜራ ፋብሪካ ሠራላቸው። ልብ በሉ፣ ካሜራ ሠሪ ነው! ታዲያ ኦሪጅናሉ የትኛው ነው? ከዚያም በኋላ ቢሆን ለሁለት የተከፈለው የኋላ መስታወቷ በ1953 ቀረ፤ ሞተሯም ጉልበት እየጨመረ ሄደ። በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ የመጨረሻዋ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል።

የእኛዋ ሞተር ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ የወንበሯን ልብስም የሰፋው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነው። ልጆቻችንን ትምህርት ቤት አድርሳለች፣ ስንቱን ለቅሶ አብራን ደርሳለች። ሽጧት ቢሉንም አልሸጥናትም። ለቀብር መሄጃ ያጣ የዕድራችን አባል ካለ ከእኛ ሌላ ሦስት ሰው ትይዛለች፤ ጠዋት ጠዋት ግን ትንሽ መገፋት ትፈልጋለች።