ሎንግስ ፒክ፦ የሙሉ ቀን የበጋ ጉዞ ዝግጅት

ሎንግስ ፒክ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ የሚገኝ 4,346 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው። የጆን ዌስሊ ፓወል ቡድን በ1868 እ.ኤ.አ. ጫፉ ላይ ደርሷል። ኪሆል የሚባለው የተለመደው መንገድ ደርሶ መልስ ወደ 24 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ሽቅቡ 1,500 ሜትር ገደማ ነው።

ዝግጅቱ ከሁሉ በፊት የሰዓት ጉዳይ ነው። በአካባቢው በጋ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ስለሚበዛ ተጓዦች ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወይም ቀደም ብለው፣ ባትሪ ግንባራቸው ላይ አስረው ይነሳሉ። ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ከመብረቅ መሸሸጊያ የለም፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ ከጫፉ መውረድ ያስፈልጋል። ሰማዩ ከጠቆረ፣ ጫፉ ቅርብ ቢሆንም መመለስ ነው። ጡንቻ ከማጠንከር ይልቅ ይህን ውሳኔ ቤት ሆኖ መወሰን ሳይከብድ አይቀርም።

ኪሆል የተባለው የድንጋይ ክፍተት ከታለፈ በኋላ በገደል አፋፍ በእጅም በእግርም መውጣት ግድ ይላል፤ በረዶ እስከ ሐምሌ የሚቆይባቸው ዓመታት አሉ። ውሃ፣ ስንቅ፣ ዝናብ የማያስገባ ካፖርትና ጓንት ይያዛል። የጥጥ ልብስ ከረጠበ ቶሎ ስለማይደርቅ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። ከባሕር ጠረፍ ከተሞች የሚመጣ ሰው ጥቂት ቀናት ከፍ ባለ ቦታ ቢያድር ይሻለዋል፤ 1,600 ሜትር ላይ ያለችው ዴንቨር ለመጀመሪያው ሌሊት ትሆናለች።