ባለሙያ የሚባለው ማን ነው? ከካሪቢያን ወደ ካናዳ የተሻገሩ ሴቶች ታሪክ

በእኛ አገር አንዲት ሴት «ባለሙያ ናት» ከተባለች ወጧ የተመሰገነ፣ የእንጀራዋ ዓይን ያማረ፣ ቤቷ የተሰናዳ ናት ማለት ነው። የምስክር ወረቀት የሚጠይቃት የለም፤ ጎረቤት ምስክሯ ነው። «ሙያ በልብ ነው» እያልን አድገናል። በባለሙያ ቪዛ ውጭ አገር ሄዳ ለመሥራት ለምታስብ እህታችን ግን ይህ አባባል አያገለግልም። በኤምባሲ በር ላይ ሙያ የሚቆጠረው በወረቀት ነው፤ ያውም ተቀባዩ አገር «ይህ ሙያ ነው» ብሎ በዝርዝሩ ካሰፈረው ብቻ ነው።

ይህን ጉዳይ ያነሣነው በምክንያት ነው። ከማኅበራችን የብድር መዝገብ እንደምንረዳው፣ ለጉዞ ብድር የሚጠይቁ አባላት እየበዙ ነው። ገንዘቡ የሁላችንም ቁጠባ ስለሆነ፣ ከእኛ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱ ሴቶች ምን እንደገጠማቸው ማወቁ ይጠቅመናል ብለን አሰብን። ለዚህም የካሪቢያን ሴቶችን ታሪክ መረጥን። አገራቸው ሩቅ ቢሆንም ጉዳያቸው የእኛም ጉዳይ ነው። ስለ ካናዳ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቤት ሠራተኝነት የተከፈተው በር

በ1952 የወጣው የካናዳ የኢሚግሬሽን ሕግ ባለሥልጣናቱ አንድን ሰው በዜግነቱ ወይም በዘሩ ምክንያት እንዳይገባ እንዲከለክሉ ይፈቅድ ነበር። «የአገራችን አየር አይስማማህም» ማለት እንኳ በቂ ምክንያት ነበር። ስለዚህ ከካሪቢያን ደሴቶች የሚመጡ ጥቁሮች የመግባት ዕድላቸው እጅግ ጠባብ ነበር። በሌላ በኩል የካናዳ ቤተሰቦች የቤት ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር። ከአውሮፓ የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ሌላ ሥራ ሲያገኙ ወዲያው ይለቁ ነበር።

በ1955 ካናዳ ከጃማይካና ከባርባዶስ ጋር ተስማምታ ለመጀመሪያ ጊዜ 100 ሴቶችን ተቀበለች። መስፈርቱ ግልጽ ነበር። ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 ዓመት፣ ያላገቡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ ቢያንስ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቁ፣ የጤና ምርመራ ያለፉ መሆን ነበረባቸው። አንድ ዓመት በሰው ቤት ካገለገሉ በኋላ ሌላ ሥራ መርጠው እንዲሠሩ ይፈቀድላቸው ነበር፤ በአገሪቱም በቋሚነት መኖር ይችሉ ነበር። ዕቅዱ ቀስ በቀስ ወደ ሌሎች ደሴቶች ሰፋ፤ እስኪዘጋ ድረስም ወደ 3,000 የሚጠጉ ሴቶች በዚህ በር ገቡ።

እነዚህ ሴቶች እነማን ነበሩ? ብዙዎቹ በአገራቸው የቤት ሠራተኛ ሆነው አያውቁም። መምህራን፣ ነርሶችና የጽሕፈት ሠራተኞች ነበሩባቸው። የተማሩትን ሙያ ወደ ጎን ትተው የሰው ቤት ለማጽዳት የተስማሙት ሌላ በር ስላልነበረ ነው። ከነዚህ አንዷ በ1960 ከግሬናዳ የሄደችው መምህርት ጂን ኦገስቲን ናት። በቶሮንቶ የሰው ልጅ ስታሳድግ ቆይታ፣ የካናዳን የመምህርነት ምስክር ወረቀት ለማግኘት እንደገና ተማረች፤ መምህርት፣ በኋላም ርእሰ መምህርት ሆነች። በ1993 ለካናዳ ፓርላማ የተመረጠች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ለመሆን በቃች። ይህች ሴት በአገሯም መምህርት ነበረች። ሆኖም የአገሯ ወረቀት በአዲሱ አገር አልተቆጠረላትም፤ በር የከፈተላት እዚያው ሄዳ ያገኘችው ሁለተኛው ወረቀት ነው።

ነጥብ የሚቆጥር ሕግ

በ1962 የካናዳ የኢሚግሬሽን ደንብ ተለወጠ። ለውጡን ለፓርላማ ያቀረቡት ሚኒስትር ኤለን ፌርክላው ነበሩ። እኚህ ሴት በካናዳ ፌዴራል ካቢኔ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሲሆኑ፣ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የራሳቸው ቢሮ የነበራቸው የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። የሒሳብ ሥራ ላይ ለተሰማራን ሴቶች ይህ ትንሽ ኩራት ነው። አዲሱ ደንብ በዘር ላይ የቆመውን ምርጫ በአብዛኛው አስቀርቶ ትምህርትንና ሙያን አስቀደመ።

በጥቅምት 1967 ደግሞ የነጥብ አሠራር ተጀመረ። አመልካቹ ከ100 ነጥብ ቢያንስ 50 ማግኘት ነበረበት። ለትምህርትና ሥልጠና እስከ 20፣ ሙያው በካናዳ ለሚፈለግበት መጠን እስከ 15፣ ለሙያው ደረጃ እስከ 10፣ ለቋንቋ እስከ 10፣ ለዕድሜ እስከ 10፣ አስቀድሞ ለተገኘ ሥራ 10 ነጥብ ይሰጥ ነበር። ቀሪው መርማሪው ስለ አመልካቹ ለሚሰጠው ግምት፣ በካናዳ ለሚኖር ዘመድና ለሚኬድበት አካባቢ የሥራ ሁኔታ የተመደበ ነበር። አሠራሩ እንደ ሒሳብ መዝገብ ነው፤ በአንዱ ረድፍ የጎደለው በሌላው ይሞላል። ወረቀት ያለው በያጅ፣ ኤሌክትሪሺያን ወይም መካኒክ ከየትም አገር ይምጣ ነጥቡ ይቆጠርለት ጀመር።

በዚህ መዝገብ ውስጥ ግን አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ተጻፈ። የቤት ሥራ እንደ ሙያ የሚያስገኘው ነጥብ አነስተኛ ነበር። ከ1973 ጀምሮ አብዛኞቹ የቤት ሠራተኞች የሚገቡት በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ሆነ። ፈቃዱ ሲያልቅ መመለስ ነው። ቀድሞ አንድ ዓመት አገልግላ በቋሚነት ትቀር የነበረችው ሴት፣ ያንኑ ሥራ እየሠራች መብቷን አጣች። የሚፈለገው ጉልበቷ ብቻ ሆነ።

ይህ ወዴት እንዳደረሰ ያየነው በ1977 ነው። ለቤት ሥራ የገቡ ሰባት የጃማይካ እናቶች ልጆቻቸውን በማመልከቻቸው ላይ አልጻፉም ተብለው ከአገር እንዲወጡ ታዘዙ። ዓመታት ሠርተዋል፣ ግብር ከፍለዋል። ነገሩ የወጣው ልጆቻቸውን ለማስመጣት ሲጠይቁ ነው። እናቶቹ ግን ዝም ብለው አልሄዱም። የሴቶች ማኅበራት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የጥቁሮች ማኅበራት አብረዋቸው ተሰለፉ። በ1979 እንዲቀሩ ተፈቀደላቸው። በ1981 ደግሞ የቤት ሠራተኞች ሁለት ዓመት ከሠሩ በኋላ እዚያው ሆነው ቋሚ መኖሪያ እንዲጠይቁ የሚያስችል አሠራር ወጣ። ያን መብት ያስገኘው የመንግሥት ቸርነት ሳይሆን የተባበሩ ሴቶች ጩኸት ነው።

ካናዳ በጥር 2013 ለእጅ ሙያተኞች ብቻ የሚሆን የባለሙያ ቪዛ መስመር ከፈተች። አመልካቹ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ፣ የቋንቋ ፈተና ውጤት፣ እንዲሁም ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያሠራ ቅጥር ወይም ከአንድ የካናዳ ክፍለ አገር የተሰጠ የሙያ ብቃት ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ግዴታ አይደለም። በዝርዝሩ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን፣ የቧንቧ ሠራተኛና በያጅ አሉ፤ ምግብ አብሳይ፣ ዳቦ ጋጋሪና ሥጋ ቆራጭም አሉ። የቤት ሠራተኛ ግን የለችም። አንዲት ሴት በሆቴል ወጥ ቤት ካበሰለች ባለሙያ ናት፤ ሰው ቤት ውስጥ ስታጸዳ፣ ስታበስልና ልጅ ስታሳድግ ብትውል በዚህ መስመር አትቆጠርም።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

የ8ኛ ክፍሉ መስፈርት ለጆሯችን አዲስ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ሲታወጅ፣ ተጓዡ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀና በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የያዘ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ መመለሳቸውን አንረሳም። ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚነቀል ያን ጊዜ አይተናል። ይኸው አዋጅ የቪዛንና የደርሶ መልስ ቲኬትን ወጪ በአሠሪው ላይ የጣለ መሆኑንም አባላት ልብ ይበሉ። ለእነዚህ ብላ የምትበደር እህት ካለች፣ መጀመሪያ «ለማን ነው የምከፍለው?» ብላ ትጠይቅ።

ሲኦሲ ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም የጂን ኦገስቲን ታሪክ እንደሚያሳየን ወረቀት ዋጋ የሚኖረው ተቀባዩ አገር ሲያውቀው ነው። ስለዚህ ብድር ለመጠየቅ ስንመጣ ሦስት ነገሮችን አጣርተን ብንመጣ መልካም ነው። የምንሄድበት አገር የእኛን ሥራ በሙያ ዝርዝሩ አስፍሮታል ወይ? የያዝነውን ወረቀት ይቀበላል ወይስ እንደገና ፈተና ይጠይቃል? ፈቃዱ ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስር ነው ወይስ ሥራ ቀይሮ መኖር ያስችላል?

በእኛ ሐሳብ፣ ማኅበሩ ከጉዞ ብድር ይልቅ የሥልጠናን፣ የምዘናንና የቋንቋ ፈተናን ብድር ሊያስቀድም ይገባል። ለጉዞ የተበደረች እህት ነገሩ ካልተሳካ ዕዳው ብቻ ይቀርባታል። ለሥልጠና የተበደረች ግን ባትሄድም ብየዳዋን ወይም ዳቦ ጋገራዋን እዚሁ ሠርታ ትከፍላለች። የሚደግፉን ወገኖችም እጃቸውን ሲዘረጉ ይህን ረድፍ እንዲያስቡልን እንጠይቃለን። በጓዳችን ያለው ሙያ ሙያ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ሌላውም እንዲያውቀው ወረቀቱን በጊዜ እንያዝ፣ መብቱንም እንደ እነዚያ እናቶች ተባብረን እንጠይቅ።