የካዛንቺስ ቮልስ የት ትሸጥ?

ካዛንቺስ የመኪና ገበያ ኖሮት አያውቅም። ሶማሌ ተራ በመለዋወጫ እንደሚጠራው፣ እኛ ሰፈር በመኪና ሽያጭ የሚጠራ ሜዳ አልነበረም። መኪና ግን ይሸጥ ነበር፤ ጋራዥ በር ላይ፣ ቡና ቤት በረንዳ ላይ፣ አንዳንዴም ለቅሶ ድንኳን ውስጥ። አባቴ ካረፈ በኋላ ቮልሷ ለእኔ ስትደርስ «የት ልሽጣት?» ብዬ የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ጠየቅኋቸው። ሁሉም የሰው ስም ጠሩልኝ እንጂ የቦታ ስም አልጠሩልኝም።

አዲስ አበባ መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ መኪናውን ይዞ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ዳግማዊ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የሌጋሲዮን ዕቃ ነበር፤ ተራው ሰው አሮጌ መኪና ልግዛ ቢልም የሚገዛው አልነበረም። ካዛንቺስ ደግሞ ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሠራበት ሰፈር ነው። ጠላት ሲወጣ ቤቶቹ ግቢያቸውንና ሰፊ በራቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ መኪና የሚያቆም ሰው ገባባቸው።

ሰፈራችንን የመኪና ሰፈር ያደረገው ግን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን (ኢሲኤ) ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ መቀመጫው የሆነው የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከየአገሩ የመጣው ሠራተኛ ካዛንቺስና ኡራኤል ቤት ተከራየ፣ መኪናውንም ያለ ቀረጥ አስገባ። የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ መኪናው ይሸጣል፤ የቀረጥ መብት የሌለው ገዢ ቀረጡን ከፍሎ ይወስዳል። በደንብ የተያዘ ፔጆ ወይም መርሰዲስ የሚፈልግ ሰው ስለዚህ ከዘበኛና ከሾፌር ይወዳጅ ነበር። ማን መቼ እንደሚሄድ፣ መኪናው ሰርቪስ ተደርጎለት እንደሆነ፣ ማዳም የት እንዳጋጨችው ከሾፌር በላይ የሚያውቅ የለም።

ቮልስ ግን የሁሉም ነበረች። መምህሩም፣ ነርሷም፣ መኮንኑም ይነዳታል። ሞተሯ ከኋላ፣ ማቀዝቀዣዋ አየር ነው፤ ራዲያተር ስለሌላት ዳገት ላይ ውኃ ፈላ ብሎ መቆም የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ አባቴም ይህን ባነሣ ቁጥር ድምፁ ይለወጥ ነበር።

እሱ ቮልሷን የገዛው በዚያው ዓመት፣ ሻንጣውን ከሚሸክፍ አንድ ግሪካዊ ጎረቤቱ ነው። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ አገር የሚለቀው በዛ፤ የቤት ዕቃ፣ ፒያኖ፣ መኪና በየግቢው በር ይሸጥ ጀመር። አባቴ ቀብድ ሰጠ፣ ቀሪውን ዕቁብ ሲወጣለት ጨረሰ። ውሉ ተራ ወረቀት ላይ ተጻፈ፤ ሦስት ምስክሮች ፈረሙበት፤ አንዱ የሰፈሩ መካኒክ ነበር። ያ ወረቀት ከሊብሬው ጋር ታጥፎ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።

ደርግ ዘመን አዲስ መኪና ማስገባት ለግለሰብ ከባድ ስለነበር ያለው መኪና ከእጅ እጅ ዞረ። የዚህ ንግድ ዳኛ መካኒክ ነው። ገዢ የሚያምነውን መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ ቮልስ ከሆነች ምርመራው ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ይጀምራል። አንድ ጋሼ ሲሠሩ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ወንበሩን አንሥተው በስተቀኝ ያለውን ባትሪ አወጡ፤ አሲድ የሚፈስበት ወለል መጀመሪያ የሚበላው እዚያ ጋ ነውና ላሜራውን በካቻቢቴ ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዚያ መሐል ለመሐል ያለውን ጉብታ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ጠረጉ፤ የሻንሲው ቁጥር ብቅ አለ። ቁጥሩን አንድ በአንድ እያነበቡ ከሊብሬው ጋር አመሳከሩ። ሞተሩን ያስነሡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። «ሞተር ይለወጣል የኔ ልጅ፤ ወለል ነው መኪናው» አሉኝ።

ዛሬ አማራጩ ብዙ ነው። የኋላ መስታወት ላይ «ይሸጣል» ብሎ ስልክ መለጠፍ አለ፤ ደላላ አለ፤ ቴሌግራም አለ። ዋጋውም ሌላ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከለከለ። አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ሁሉ በዚህ ምክንያት ዋጋ አወጣ። የቮልስ ነገር ደግሞ ከሁሉ ይለያል፤ የመጨረሻዋ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች፤ ሌላ አትመጣም።

ደላላው «እትዬ፣ ዛሬውኑ ላሽጥልሽ» አለኝ። የጠራው ዋጋ መጥፎ አልነበረም፤ ገዢው ማን እንደሆነ ስጠይቀው ግን መልስ አልነበረውም። ሶማሌ ተራ ብትሄድ በሮቿ ለአንዱ፣ ካምቢዮዋ ለሌላው፣ ኮፈኗ ለሦስተኛው ይሄዳል። ይህን ነውር አልለውም፤ ብዙ ቮልሶች እስከ ዛሬ የሚሄዱት ሌሎች ተፈታተው ነው። ወለሏ ያልተበላ፣ ቁጥሯ ከሊብሬዋ የሚገጥም መኪና ግን ለመፈታታት መሸጥ የለባትም። ለሠርግ የሚያከራዩ፣ በራሳቸው እጅ የሚያድሱ ወጣቶች አሉ፤ ለእነሱ ትንሽ ቀንሶ መሸጥ ኪሳራ አይመስለኝም።

እነሱን ማን ያውቃል? መካኒኩ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ለኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲፈርስ ሰዉ ወደ ገላን ጉራና ወደሌሎች ዳርቻዎች ሄደ፤ ጋራዦቹም ተበተኑ። የማንን መኪና ማን ገዛ፣ የትኛዋ ተጋጭታ ተቀጠቀጠች የሚለው ሁሉ በእነዚያ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነው። የአባቴን ውል የፈረሙት መካኒክ አሁን ዳር ከተማ ናቸው፤ ስልካቸውን አፈላልጌ አገኘሁ። ቮልሷን የምሸጠው እሳቸው በሚያመጡት ገዢ ነው።

አሮጌ መኪና ያላችሁ የካዛንቺስ ልጆች፣ ደላላ ከመጥራታችሁ በፊት መኪናችሁን የሠራውን መካኒክ ፈልጉት። የድሮውን ውል አትጣሉ፤ ከመኪናው ጋር ለገዢው ስጡት። ሽያጩን ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ፈጽሙ፤ ስሙም ሳይዞር ቁልፍ አትስጡ። አደጋ ቢደርስ ሕጉ የሚጠይቀው ባለቤቱን ነውና።