ከሊሙ የመጣ አደራ፦ አስቴር ጋኖ፣ የሕዝብ ተረት እና የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ

የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አብሮ የሚነሣው ስም የኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከእርሱ ጋር በሥራው የደከመች፣ ዛሬ ጅማ ዞን ከምንለው ምድር፣ ከሊሙ፣ በባርነት የተወሰደች አንዲት ሴት ነበረች፤ አስቴር ጋኖ ትባላለች። አስቴር ወደ ትርጉሙ ሥራ ስትመጣ ይዛ የመጣችው ሀብት የሕዝቧን ቋንቋ ነበር፤ ቋንቋውም በተረቱ፣ በእንቆቅልሹ፣ በምሳሌያዊ አነጋገሩና በዘፈኑ ውስጥ ተጠብቆ የኖረ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የአስቴርን ታሪክ መነሻ አድርጎ አንድ ነገር ለማሳየት ይሞክራል፦ የሕዝብ ተረት ለወንጌል ሥራ እንቅፋት ወይም ማጣፈጫ ብቻ አልነበረም፤ ቃሉ በሰዎች አፍ መናገር የተማረበት ትምህርት ቤት ነበር። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችን በመድረክ ላይ አንድን ነገር ማናናቅ ስንፈልግ «ይህ ተረት ነው» እንላለን። እንዲህ ስንል ምን እየጣልን እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል።

የጊቤ ሀገሮች

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጊቤ ወንዝ አካባቢ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፦ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማ እና ጌራ። በቡና ሥራ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ጌራ የተጓዘ ሁሉ ስሞቹን ያውቃቸዋል፤ ዛሬም በወረዳዎቹ ስም ላይ ይኖራሉ። ሊሙ እናርያ በተለይ ከ1825 እስከ 1861 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በነገሠው በአባ ባጊቦ ዘመን ኃይሏ ገኖ ነበር። የሰቃ ገበያዋ ነጋዴዎች ከሩቅ የሚመጡበት ነበር። በኋላም በጅማ አባ ጅፋር ዘመን በጅሬን አጠገብ ያለው የሂርማታ ገበያ እጅግ ታወቀ። በእነዚህ ገበያዎች ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይሸጡ ነበር። ሰውም ይሸጥ ነበር።

በዚያ ምድር የእስልምና መምህራን በዐረብኛ ያነቡና ይጽፉ ነበር። የብዙው ሕዝብ እውቀት ግን የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ነው። የዘር ሐረግ፣ ሕግ፣ የከብት አያያዝ፣ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር፣ የጎረቤት ወግ፣ ሁሉም በሚነገር ቃል ይተላለፋል። ማታ ከእሳቱ ዳር ልጆች ይሰበሰባሉ፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ሂቦ» የሚለው፣ በአማርኛ እንቆቅልሽ የምንለው ጨዋታ ይጀመራል። ጠያቂዋ ትጠይቃለች፣ ያላወቀው ይሸነፋል። ልጁ በዚህ ጨዋታ አንድን ነገር በሌላ ነገር መስሎ ማየትን ይማራል። ቀጥሎ ተረቱ ይመጣል፤ ጅብና ጦጣ፣ አንበሳና ጥንቸል፣ ብልህ ሽማግሌና ስስታም ሀብታም። ልጁ ከተረቱ የነገር አመጣጥን፣ የቃል ምልልስንና የፍርድን ሚዛን ይማራል። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ቡናው በቅቤ ይታሻል፤ ምርቃቱና ጨዋታውም አብሮት ይመጣል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ ምንም ፊደል ሳይቆጥር ተምሯል ማለት ነው።

አስቴር የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ ነበረች።

ያልተሳካው ጉዞና የደረሰችው ልጅ

የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ሰዎች ከ1866 ጀምሮ በምጽዋ ነበሩ። ዓላማቸው ወንጌልን ወደ ኦሮሞ ሕዝብ ማድረስ ነበር። በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ የተወለደው፣ ሕፃን ሳለ ተነጥቆ በባርነት የተሸጠውና በ1870 በምጽዋ ነጻ የወጣው ሂካ አዋጂ በዚያ ወንጌልን ሰማ፤ በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ሕዝቡ ለመድረስ ተነሣ፤ እስከ ቤኒ ሻንጉል ከደረሰ በኋላ በሕመምና በችግር በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሰ። በ1886 በእንጦጦ በኩል ሞከረ፤ እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። መንገዱ ሁሉ ተዘጋ።

በዚያው በ1886 ሌላ ነገር ሆነ። ነጻ ሆና የተወለደችው አስቴር በሊሙ እናርያ ንጉሥ በባርነት ተይዛ ነበር። ከብዙ መከራ በኋላ ወደ ዐረብ ምድር ልትሸጥ በጀልባ ተጭና ስትሄድ የጣልያን የጦር መርከቦች ጀልባዋን በባሕር ላይ ያዟት። ጣልያኖቹ ነጻ ያወጧትን ልጅ ወደ ኤርትራ አመጧት፤ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ባለው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤትም ገባች።

የዚህን ነገር ሥነ መለኮታዊ ክብደት ለመመዘን መቸኮል አይገባም። የባሪያ ንግድ ክፉ ነበር፤ መልካም ፍሬ ስለ ተገኘ ክፋቱ አይጸዳም። ደግሞም በዚያ ንግድ እጃቸው ያለበት ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም፣ የደቡብም የሰሜንም ገዢዎችና ነጋዴዎች ናቸው። አንዱን ወገን ብቻ ከሳሽ፣ ሌላውን ብቻ ተከሳሽ የሚያደርግ አተራረክ እውነት አይደለም። ልንል የምንችለው ይህን ነው፦ መልእክተኞቹ ወደ ጊቤ ምድር መድረስ ባልቻሉበት ጊዜ፣ የጊቤ ምድር ቋንቋ በአንዲት ልጅ ልብ ውስጥ ሆኖ ወደ እነርሱ መጣ።

በእምኩሉ የተሠራው ሥራ

ኦኔሲሞስ በእምኩሉ ተቀምጦ መተርጎም ሲጀምር ትልቅ ችግር ነበረበት። ሕፃን ሳለ ከሕዝቡ ተለይቷል፤ ከተናጋሪዎቹ መካከል ርቆ ብዙ ዓመት ኖሯል። አስቴርን ሲያገኛት ብሩህ አእምሮዋንና የቋንቋ ስሜቷን ወዲያው አስተዋለ። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት እንድታሰናዳ ተመደበች፤ ይህም በ1893 የታተመውን አዲስ ኪዳን ለማቃናት አገለገለ።

አስቴር በዚህ አላበቃችም። ከትዝታዋ 500 ያህል እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን በጽሑፍ አሰፈረች። ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የጀማሪዎች የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ። ከዚህም ሌላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን መጽሐፍ ተርጉማለች፤ በመዝሙር መጽሐፉ ዝግጅትም ከኦኔሲሞስ ጋር ሠርታለች። በመጨረሻ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ።

ስለ 1894ቱ መጽሐፍ ጥቂት ማሰብ ይጠቅማል። የሚሲዮን ትምህርት ቤት ለጀማሪዎች የሚያዘጋጀው መጽሐፍ ሃይማኖታዊ ጥያቄና መልስ ብቻ ሊሆን ይችል ነበር። እነዚህ ሰዎች ግን ልጁ አስቀድሞ ከአያቱ አፍ የሚያውቀውን ነገር በፊደል አቀረቡለት። የሚያውቀውን ተረት በገጽ ላይ የሚያይ ልጅ ፊደሉን ለመለየት እንጂ ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ከዚያም በላይ፣ «የእናትህ ቋንቋ መጽሐፍ ሊሆን የተገባው ነው» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። የቤቱን ቃል በክብር ተጽፎ ያየ ሰው የእግዚአብሔርን ቃል በዚያው ቋንቋ ተጽፎ ሲያይ እንደ ባዕድ አይቆጥረውም።

ተርጓሚውስ ከተረት ምን ያገኛል? መዝገበ ቃላት ቃልን ይሰጣል፤ ተረት ግን ዐረፍተ ነገርን ይሰጣል። ሰው ሲቆጣ እንዴት ይናገራል? ለማኝ በደጅ ሆኖ እንዴት ይለምናል? አባት ልጁን ከሩቅ ሲያይ ታሪኩ እንዴት ይቀጥላል? ጌታችን ስለ ጠፋው ልጅ፣ ስለ ጠፋው ድሪምና ስለ ዘሪው የነገራቸው ምሳሌዎች የሚያስፈልጋቸው ቋንቋ ይህ ነው። ማርቲን ሉተርም ይህን ያውቅ ነበር። በ1530 በኮቡርግ ምሽግ ተቀምጦ የነቢያትን መጻሕፍት ሲተረጉም ጎን ለጎን የኤዞፕን ተረቶች ወደ ጀርመንኛ መመለስ ጀምሮ ነበር። በዚያው ዓመት ስለ ትርጉም ሥራ በጻፈው ደብዳቤም ተርጓሚ እናትን በቤቷ፣ ልጆችን በመንገድ፣ ተራውን ሰው በገበያ መጠየቅ እንዳለበት አስተምሯል። ኦኔሲሞስ በስደት ላይ ስለ ነበር ሄዶ የሚጠይቀው ገበያ አልነበረውም። አስቴርና ነጻ የወጡት ባልንጀሮቿ የሚጠይቃቸው ቤትም ገበያም ሆኑለት።

የ1899ኙ መጽሐፍ ቅዱስ የሚጠራው በኦኔሲሞስ ስም ነው። እርሱ ራሱ ካቀረባቸው ዘገባዎች ግን ምስጋናው ለአስቴርም እንደሚገባ መረዳት ይቻላል። እኛ ግን ታሪኩን ለተማሪዎቻችን ስንነግር ብዙ ጊዜ እርሷን እንዘላለን። ይህ ራሱ ስለ ትረካ አንድ ነገር ያስተምረናል፦ ታሪክ የሚዛባው ሐሰት ሲጨመርበት ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲጎድልበትም ነው።

ተረት እና ቅዱሳት መጻሕፍት

አንዳንድ አገልጋዮች ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ከተረት እንዲርቅ ማዘዙን (1 ጢሞ. 4፥7) ያነሣሉ። ጴጥሮስም ሐዋርያት በብልሃት የተፈጠረ ተረት እንዳልተከተሉ ይናገራል (2 ጴጥ. 1፥16)። እነዚህ ቃላት ክብደታቸው ሊጠበቅ ይገባል። የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ የሆነ ነገር ነው፤ ከተረት ጋር አንድ ረድፍ ላይ አይቀመጥም።

ነገር ግን በእነዚህ ክፍሎች «ተረት» ተብሎ የተመለሰው የግሪክ ቃል ሚቶስ ነው። ሐዋርያቱ የሚቃወሙት እውነት ነኝ ብሎ በወንጌል ቦታ የሚቀመጠውን የሐሰት ትምህርት ነው። አያት ለልጅ የምትነግረው የጅብና የጦጣ ጨዋታ እውነተኛ ታሪክ ነኝ አይልም፤ ተናጋሪዋም ሰሚውም ያውቁታል። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ ይህን ዓይነት ንግግር አይጠየፍም። ኢዮአታም በገሪዛን ተራራ ላይ ሆኖ ስለ ዛፎች ንጉሥ ምርጫ ተናገረ (መሳ. 9)፤ ዛፎች አይናገሩም፣ የሴኬም ሰዎች ግን ነገሩ ገብቷቸዋል። ሶምሶን በሰርጉ እንቆቅልሽ አቀረበ (መሳ. 14)። ናታን ስለ አንዲት በግ ተርኮ ንጉሡን በራሱ ላይ አስፈረደው (2 ሳሙ. 12)። ሰባ ስምንተኛው መዝሙር አባቶች ለልጆቻቸው የሚነግሩትን ሥራ በምሳሌ ይከፍታል። ጢሞቴዎስን ከተረት እንዲርቅ ያዘዘው ጳውሎስም የዚያው ጢሞቴዎስ እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል (2 ጢሞ. 1፥5)።

እርግጥ በሕዝብ ተረት ውስጥ ያለ ሁሉ መልካም አይደለም። ሴትን የሚያዋርድ፣ ጎረቤት ጎሣን የሚያንኳስስ፣ ጥንቆላን የሚያስከብር ተረት አለ። መለየት ያስፈልጋል። ለመለየት ግን አስቀድሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ሳይሰሙ መጣል መለየት አይደለም።

በቡና ላይ የሚነገረው

ዛሬ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤታሞች ናቸው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል። በጎማ ወረዳ በጮጬ የሚኖሩ ሰዎች የቡናን መገኘት፣ የእረኛውን የካልዲንና የፍየሎቹን ታሪክ የራሳቸው አድርገው ይተርካሉ። በ1671 በሮም የታተመው የፋውስቶስ ናይሮን መጽሐፍ ይህን የመሰለ የእረኛ ታሪክ ያወራል፤ ካልዲ የሚለው ስም ግን በዚያ የለም። ይህ የጮጬን ሰዎች ሐሰተኛ አያደርጋቸውም። ሰው ቦታውን የሚወድደው በታሪኩ ውስጥ ሲኖር መሆኑን ያሳያል። አገልጋይ ግን ተረቱ ምን እንደሚሠራ፣ ታሪኩም ምን እንደሚያስረዳ ለይቶ ማወቅ አለበት፤ በተለይ ምስክርነት ሲናገር።

ምክንያቱም የሚነገር ቃል ቤት ይሠራል፣ ቤትም ያቃጥላል። በመጋቢት 2011 በአሰንዳቦና በአካባቢዋ፣ ቁርኣን ተዋርዷል የሚል ክስ ከአፍ ወደ አፍ ከተዛመተ በኋላ፣ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተፈናቀሉ። ያ ቀን ዛሬ ራሱ ታሪክ ሆኗል፤ በየቤቱ ለልጆች ይነገራል። እንዴት እንደሚነገር ግን የእረኞች ኃላፊነት ነው። ልጁ ከታሪኩ የሚወስደው ፍርሃትና ቂም ብቻ ከሆነ ሌላ እሳት እያቆየን ነው።

ቅዱሳት መጻሕፍት ለዚህ ምሳሌ ይሰጡናል። ዮሴፍ በወንድሞቹ ተሸጧል። ታሪኩን ሲናገር መሸጡን አልደበቀም፤ ክፉ እንዳሰቡበትም ተናግሯል። ነገር ግን የእግዚአብሔርን ሥራ ከታሪኩ መካከል አላወጣም፤ በታሪኩም ወንድሞቹን አልወጋበትም (ዘፍ. 45፤ 50)። የተሸጠችው አስቴርም ከሀገሯ ያመጣችውን ቃል ለሀገሯ ሰዎች መልሳ ሰጠች። በ1904 ከኦኔሲሞስና ከሌሎች ጋር ወደ ወለጋ ተመልሳ በነቀምት ልጆችን አስተማረች፤ እስከ 1964ም ኖረች።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ በየአጥቢያችን ያሉ አዛውንት፣ በተለይም እናቶች፣ የያዙት ተረት፣ እንቆቅልሽና የእምነት ታሪክ በቋንቋቸው ይጻፍ ወይም በድምፅ ይቀረጽ። ሲጻፍም የተናጋሪው ስም፣ ቦታውና ቀኑ በፈቃዳቸው አብሮ ይመዝገብ፤ የአስቴርን ስም በዘለልንበት መንገድ የእነርሱን አንዝለል። ሁለተኛ፣ የሥነ መለኮት ተማሪ ስብከትን ሲማር ከሦስት ነጥብ ዝርዝር ጋር ትረካንም ይማር፤ ሰሚዎቹ በትረካ ያደጉ ናቸውና። ሦስተኛ፣ ስለ ጎረቤቶቻችን የምንናገረውን እንመዝን፤ የሌላውን ሰው ታሪክ እርሱ ራሱ ተቀምጦ ቢሰማው «እውነት ነው» በሚልበት መንገድ እንናገር።

በ1886 በዚያ ጀልባ ውስጥ የነበረችው ልጅ ንብረት የሚባል ነገር አልነበራትም። ሻጮቿ የሰው ዋጋ ሲቆጥሩ ያልቆጠሩት ግን በእርሷ ዘንድ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ሀብት እስከ ዛሬ ትመገባለች። በየቤታችን ጥግ የተቀመጡት አያቶች ምን እንደያዙ የምናውቀው ግን ቁጭ ብለን ስንጠይቃቸው ብቻ ነው።