እጅን በሳሙና መታጠብ፦ ከቪየና እስከ ካራቺ

በሕክምና ታሪክ ውስጥ ቀላል የሚመስሉ ግኝቶች በተግባር ሥር ለመስደድ ከረቀቁት ይበልጥ ረጅም ጊዜ የሚወስዱበት አጋጣሚ አለ። ለዚህ አንዱ ምሳሌ እጅን መታጠብ ነው። ጥቅሙ በአኀዝ ከታየ ከ170 ዓመታት በላይ ቢቆጠሩም፣ በታዳጊ አገሮች በተቅማጥና በሳንባ ምች የሚቀጠፉት ሕፃናት ዛሬም በርካታ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1846 በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች በሚሠሩበት በአንደኛው ክፍል ከወለዱት እናቶች 11.4 በመቶ ያህሉ ሲሞቱ፣ አዋላጆች በሚሠለጥኑበት በሁለተኛው የሞቱት 2.8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የልዩነቱ ምክንያት ለሃንጋሪያዊው ሐኪም ለኢግናዝ ሰመልቫይስ የተገለጠለት በተከታዩ ዓመት ነው። ባልደረባው ያኮብ ኮሌችካ በአስከሬን ምርመራ ወቅት በስለት ተወግቶ ሲሞት፣ በሰውነቱ ላይ የታየው ለውጥ በአራስ ትኩሳት በሞቱት እናቶች ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ሰመልቫይስ ሐኪሞች ከአስከሬን ክፍል በእጃቸው የሚያመጡት ነገር እናቶቹን እንደሚገድል በመረዳት፣ ከሜይ 1847 አጋማሽ ጀምሮ ማንም በክሎሪን ኖራ ውሃ ሳይታጠብ ወላዶችን እንዳይመረምር አዘዘ። በኤፕሪል 18.3 በመቶ የነበረው ሞት በጁላይ ወደ 1.2 በመቶ ወረደ።

ይሁን እንጂ የገዛ እጃቸው የሞት መንስኤ መሆኑን ማመን ለብዙ ሐኪሞች ከበዳቸው። ሰመልቫይስም የሥራ ውሉ ሳይታደስለት ቀርቶ ቪየናን ለቀቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት ሳያገኝ አረፈ።

ጥያቄው ከሆስፒታል ወጥቶ ወደ ድሃው ቤት ለመግባት ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። በዳካ፣ ባንግላዴሽ፣ የሺጌላ ተቅማጥ ሕሙማን ባሉባቸው ቤተሰቦች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ ጥናት፣ ሳሙናና የውሃ መያዣ በተሰጣቸው ቤቶች በሽታው ወደ ሌላው የቤተሰብ አባል መተላለፉ በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ሺጌላ ከ100 ባነሱ ተሐዋስያን ሊያሳምም የሚችል በመሆኑ ውጤቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከሁሉም ይበልጥ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 እና 2003 በካራቺ፣ ፓኪስታን፣ የደሳሳ ሠፈሮች የተካሄደው ጥናት ነው። የመስክ ሠራተኞች በየሳምንቱ ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ፤ ሳሙናም በነፃ አደሉ። ከንጽጽር ሠፈሮች ጋር ሲመዘን፣ ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት የሳንባ ምች በ50 በመቶ፣ ከ15 ዓመት በታች ባሉት ደግሞ ተቅማጥ በ53 በመቶ ቀነሰ። ፀረ ባክቴሪያ ሳሙና ከተራው ሳሙና የተለየ ጥቅም አልታየበትም።

የታሪኩ ዋነኛ ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ተመራማሪዎቹ ጥናቱ ካበቃ ከ18 ወራት በኋላ ወደ ሠፈሮቹ ሲመለሱ፣ ቤተሰቦቹ ስለ አስተጣጠቡ የተማሩትን ባይረሱም፣ የሳሙና ግዢያቸው ካልተማሩት ጎረቤቶቻቸው የተለየ ሆኖ አላገኙትም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙት ሁለት መንትያ ጥናቶችም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ይዘዋል፤ ጉብኝቱ በወር በአማካይ ስድስት ጊዜ በነበረበት በባንግላዴሽ ተቅማጥ ሲቀንስ፣ በወር አንድ ጊዜ ገደማ በነበረበት በኬንያ ግን ለውጥ አልታየም። ለልዩነቱ ሌሎች ምክንያቶች ሊኖሩ ቢችሉም፣ የክትትሉ መጠን አንዱ መሆኑ ይገመታል።

በኢትዮጵያ እንግዳን ከማዕድ በፊት ማስታጠብ የቆየ ወግ ነው። ከመጸዳጃ መልስና ሕፃን ካጸዱ በኋላ በሳሙና መታጠብ ግን የዚያን ያህል ሥር የሰደደ ልማድ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የግልና የአካባቢ ንጽሕናን ከዋና ዋና ክፍሎቹ አንዱ ያደረገው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

እንግዲህ የቪየናም ሆነ የካራቺ ታሪክ የሚያስረዳው፣ ዕውቀት ብቻውን እጅን እንደማያጥብ ነው። ስለዚህ የጤና ባለሙያው እናቲቱን «እጅሽን ታጠቢ» ከማለቱ አስቀድሞ፣ ከመጸዳጃ ቤቷ አጠገብ ውሃና ሳሙና መኖሩን ሊመለከት ይገባል። ከዚያም በፊት የራሱን የምርመራ ክፍል ይመልከት፤ የሰመልቫይስ ጥያቄ መጀመሪያ የቀረበው ለእናቶች ሳይሆን ለሐኪሞች ነበርና።